የጎርፍ ቦዩ መውጫ የት ነው? በግንደወይንና በአካባቢዋ ከተሞች የዝናብ ውሃ አያያዝ፦ ፖሊሲና የአካባቢ ተግባር

አኅፅሮተ ጥናት

ይህ ጽሑፍ በምሥራቅ ጎጃም ዞን የምትገኘውን ግንደወይንን መነሻ አድርጎ፣ በቢቸናና በሞጣ መስመር ያሉ ትንንሽና መካከለኛ ከተሞች የክረምት ጎርፍን እንዴት ሊያስተዳድሩ እንደሚገባ ይመረምራል። የጽሑፉ ዋና መከራከሪያ፣ በእነዚህ ከተሞች የጎርፍ ማፋሰሻ ሥራ በአብዛኛው ውሃውን ከአንድ ሰው ደጅ ወደ ሌላው ደጅ የማዛወር ሥራ ሆኖ የሚቀረው የቦይ እጥረት ስላለ ብቻ አይደለም የሚል ነው። ውሃው የሚነሣበት፣ የሚያልፍበትና የሚያርፍበት መሬት በተለያዩ መሥሪያ ቤቶች ሥር መሆኑ ከቦይ እጥረቱ የማይተናነስ ምክንያት ነው። ጽሑፉ የመስክ ልኬት ሪፖርት አይደለም። የሕግ ሰነዶችን፣ በአማራ ክልል ደጋ የተካሄዱ የፍሳሽ ጥናቶችንና ቀላል የምህንድስና ስሌትን በማያያዝ የሚቀርብ ትንተና ነው። በስሌቱ የገቡት የስፋትና የዝናብ መጠኖች ለማሳያ የተመረጡ ናቸው።

ቁልፍ ቃላት፦ የዝናብ ውሃ ፍሳሽ፣ ተፋሰስ፣ የዋልካ አፈር፣ ቦረቦር፣ የከተማ ፕላን፣ ግንደወይን

1. መግቢያ

ግንደወይን የጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን፣ ከደጀን ተነሥቶ በቢቸና በኩል ወደ ሞጣና ባሕር ዳር በሚያቀናው መንገድ ላይ ትገኛለች። በስተምዕራቧ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጮቄ ተራራ፣ በስተምሥራቋ ደግሞ ጥልቁ የዓባይ ሸለቆ አለ። የአካባቢው ውሃ በጥቅሉ ከጮቄ ወደ ዓባይ ይወርዳል። መስመሩን ተከትለው የተመሠረቱት ከተሞችም የሚገኙት በዚህ የውሃ ጉዞ መካከል ነው። ከላያቸው የሚታረስና የሚጋጥ መሬት አለ፤ ከሥራቸውም እንዲሁ የሚታረስ መሬት አለ።

ይህ አቀማመጥ ሁለት ዓይነት ጎርፍ ያስከትላል። አንደኛው ከከተማዋ በላይ ካለው መሬት ተጠራቅሞ የሚመጣው ነው። ሁለተኛው ከተማዋ ራሷ በቆርቆሮ ጣሪያዋ፣ በኮብልስቶን መንገዷና በተደለደለው ግቢዋ የምትፈጥረው ነው። ለመጀመሪያው ከተማዋ ተጎጂ ናት፤ በሁለተኛው ግን ጉዳት አድራሽ ናት። በከተማ ጎርፍ ላይ የሚደረጉ ውይይቶች በአብዛኛው የመጀመሪያውን ብቻ ያነሣሉ። ከመጨረሻው ቱቦ በታች ማሳው በየክረምቱ እየተቦረቦረ የሚሄድበት አርሶ አደር ጉዳይ ከውይይቱ ውጭ ይቀራል። ይህ ጽሑፍ ሁለቱንም በአንድነት ለማየት ይሞክራል።

2. ውሃው ለምን ይበዛል?

2.1 አፈሩና ወቅቱ

የምሥራቅ ጎጃም ዝናብ በአብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ተጠቃሎ ይወርዳል። ከጮቄ ግርጌ እስከ ዓባይ አፋፍ ባለው ሜዳማ ክፍል ደግሞ የአፈር ተመራማሪዎች ቨርቲሶል፣ ገበሬው ዋልካ የሚለው ጥቁር ሸክላማ አፈር በስፋት ይገኛል። ይህ አፈር በበጋ ይሰነጠቃል፤ ክረምት ሲገባም የመጀመሪያዎቹን ዝናቦች በስንጥቆቹ ይቀበላል። እርጥበት ሲጠግብ ግን ይነፋና ስንጥቆቹ ይዘጋሉ፤ ከዚያ በኋላ የሚወርደው ውሃ ወደ ውስጥ የሚሰርግበት መንገድ እጅግ ይጠባል። የጎጃም አርሶ አደር በማሳው ላይ አግድም ሰያፍ ፈሰስ የሚያወጣው ይህን ጠባይ ጠንቅቆ ስለሚያውቅ ነው።

ሳይንሳዊ ጥናቶችም ይህን የወቅት ጠባይ ያረጋግጣሉ። በአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮጀክት ሥር በጎጃም አንጀኒ፣ በሰሜን ሸዋ አንዲት ጥድና በደቡብ ወሎ ማይባር ከ1970ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ የተሰበሰበው መረጃ በኋላ ሲተነተን፣ ከክረምቱ መግቢያ ጀምሮ የተጠራቀመው ውጤታማ ዝናብ 500 ሚሊ ሜትር ገደማ ከደረሰ በኋላ፣ ከሚወርደው ዝናብ ግማሽ ያህሉ ከተፋሰሱ በፍሳሽ መልክ እንደሚወጣ ታይቷል። ይህ ድርሻ የተሰላው በሳምንታት ድምር በመሆኑ ለአንድ ነጠላ ዝናብ ስሌት በቀጥታ አይውልም። ትርጉሙ ግን ግልጽ ነው። በሰኔ መጀመሪያ ያለ ጉዳት የሚያልፍ ዝናብ፣ በሐምሌ መጨረሻ ወይም በነሐሴ በዚያው መጠን ቢወርድ ጎርፍ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በሰኔ የታየ የቦይ ብቃት ለነሐሴ ዋስትና አይሆንም።

2.2 ጣሪያውና መንገዱ

መሐንዲሶች ለትንንሽ ተፋሰሶች የሚጠቀሙበት ቀላል ቀመር፣ ከፍተኛው የፍሳሽ መጠን የሦስት ነገሮች ብዜት መሆኑን ይነግረናል። እነርሱም የመሬቱ ስፋት፣ የዝናቡ ጥንካሬና ወደ ፍሳሽነት የሚለወጠው የዝናብ ድርሻ ናቸው። የኢትዮጵያ መንገዶች ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2002 ያወጣው የፍሳሽ ዲዛይን መመሪያም ይህን ዘዴ ከ50 ሄክታር በታች ለሆኑ ተፋሰሶች ይመክራል።

ለምሳሌ ያህል 10 ሄክታር ስፋት ያለው መንደር እንውሰድ፤ የዝናቡ ጥንካሬም በሰዓት 60 ሚሊ ሜትር ይሁን። መሬቱ ሣርና ማሳ ሳለ የፍሳሽ ድርሻው 0.3 ቢሆን፣ ከፍተኛው ፍሰት በሰከንድ 0.5 ሜትር ኩብ ይሆናል። ቤት ሲሠራበትና መንገድ ሲነጠፍበት ድርሻው ወደ 0.6 ቢያድግ፣ ፍሰቱ እጥፍ ሆኖ በሰከንድ 1 ሜትር ኩብ ይደርሳል። አሁን ወርዱም ጥልቀቱም 60 ሳንቲ ሜትር የሆነ የድንጋይ ቦይ አለ እንበል። ውሃው በሰከንድ 1.5 ሜትር ቢጓዝ ቦዩ የሚያሳልፈው 0.54 ሜትር ኩብ ነው። ይህ ቦይ ለትናንቱ መንደር ይበቃ ነበር፤ ለዛሬው ግን ግማሽ ያህሉን ብቻ ይሸከማል። በደለል፣ በፌስታልና በሃይላንድ ጠርሙስ እስከ ግማሹ ከተሞላ ደግሞ፣ ፍጥነቱ ባይቀንስ እንኳ፣ የሚያሳልፈው ወደ 0.27 ዝቅ ይላል። ቀሪው ውሃ መንገዱን ራሱን ቦይ አድርጎ ዝቅ ያለውን ደጅ ይፈልጋል።

ከዚህ ስሌት ሁለት ነገር እንረዳለን። ቦይ ማጽዳት ተራ የጽዳት ዘመቻ ሳይሆን የቦዩን ግማሽ አቅም የማስመለስ ሥራ ነው። ቢጸዳም ግን ብቻውን አይበቃም፤ የሚመጣው ውሃ ራሱ መቀነስ አለበት።

2.3 ቱቦውና ቦረቦሩ

መንገድ ቁልቁለትን አቋርጦ ሲሠራ እንደ ግድብ ያገለግላል። ቀድሞ በሰፊ መሬት ላይ ተበታትኖ ይወርድ የነበረው ውሃ በመንገዱ ዳር ይሰበሰብና በቱቦ በኩል በአንድ ነጥብ ይወጣል። ቱቦው መንገዱን ይጠብቃል፤ ከመውጫው በታች ያለውን መሬት የሚጠብቅ ሥራ ካልታከለበት ግን ቦረቦር ይጀምራል። በዋልካ መሬት ላይ ደግሞ እርጥበት የጠገበው የቦረቦር ዳር እየተናደ ስለሚወድቅ፣ ቦረቦሩ ወደ ጎንም ወደ ላይም ይሰፋል። ወደ ላይ ሲያድግ መልሶ መንገዱንና ከተማውን ያሰጋል። በታችኛው ገበሬ ላይ የተጫነው ዕዳ ከዓመታት በኋላ ወደ ከተማዋ ይመለሳል ማለት ነው።

3. ሕጉ ምን ይላል? የት ላይስ ይቆማል?

አገራችን ከጎርፍ ጋር የሚያያዙ ሕጎች አላጣችም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብትን ደንግጓል። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ከተሞች በመዋቅራዊ ፕላንና በአካባቢ ልማት ፕላን እንዲመሩ ያዛል። የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 ቆሻሻ አያያዝን የከተማ አስተዳደሮች ኃላፊነት ከማድረጉም በላይ በስስ ፌስታሎች ላይ ገደብ ጥሎ ነበር። የ1997ቱ የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456 ደግሞ ተዳፋቱ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ መሬት ለእርሻና ለልቅ ግጦሽ እንዳይውል ከልክሎ ነበር። በ2005 ዓ.ም. የወጣው የአደጋ ስጋት አስተዳደር ፖሊሲም ትኩረቱን ከአደጋ በኋላ ከሚሰጥ ዕርዳታ ወደ ቅድመ መከላከል አዙሯል።

ክፍተቱ የሚታየው በሕጎቹ መጋጠሚያ ላይ ነው። ከከተማው በላይ ያለው መሬት በወረዳው ግብርናና የገጠር መሬት አስተዳደር ሥር ነው። በከተማው ክልል ውስጥ ያለው በማዘጋጃ ቤቱ ይተዳደራል። ዋናው መንገድና ቱቦዎቹ የመንገድ መሥሪያ ቤቱ ናቸው። ቱቦው የሚደፋበት ማሳ እንደገና የገጠር ይዞታ ነው። ውሃው በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚያቋርጣቸውን እነዚህን ወሰኖች፣ ደብዳቤ በወራትም ላያቋርጣቸው ይችላል። እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት የድርሻውን በትክክል ሠርቶ እንኳ ጎርፉ ባለቤት የሌለው ሆኖ ሊቀር ይችላል።

ሁለተኛው ክፍተት የካሳ ጉዳይ ነው። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሬት ለሕዝብ ጥቅም ሲለቀቅ ካሳ የሚከፈልበትን ሥርዓት ዘርግቷል። ይህ ሥርዓት የሚንቀሳቀሰው ግን በውሳኔ ነው፤ ባለይዞታው ማስታወቂያ ይደርሰዋል፣ ንብረቱ ይገመታል፣ ክፍያ ይፈጸማል። ቦረቦር ግን ማስታወቂያ አይሰጥም። በየክረምቱ አንድ ሁለት ክንድ እየቆረጠ ሲወስድ፣ በየትኛውም ቀን «መሬቱ ዛሬ ተወሰደ» የሚያሰኝ ውሳኔ አይኖርም። አበው «ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው» የሚሉት ለዚህም ይሠራል።

እዚህ ላይ አንድ የቆየ የሕግ ሐሳብ ይጠቅመናል። የ1804ቱ የፈረንሳይ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 640፣ ዝቅ ያለው መሬት ከላይኛው መሬት የሚወርደውን ውሃ የመቀበል ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል፤ ግዴታው ግን የሰው እጅ ሳይጨመርበት በተፈጥሮ ለሚወርደው ውሃ ብቻ ነው። የላይኛው ባለመሬት ሸክሙን የሚያከብድ ሥራ እንዳይሠራም ይከለክላል። በጣሪያ፣ በንጣፍ፣ በቦይና በቱቦ ተሰብስቦ የሚደፋ ውሃ ከዚህ መለኪያ አንጻር የሰው ሥራ ውጤት ነው። ስለዚህ ከተማዋ በታችኛው ማሳ ላይ የምትለቀው ውሃ የፈጣሪ ቁጣ ተብሎ የሚታለፍ ሳይሆን፣ ኃላፊነት የሚያስከትል ተግባር ነው ብሎ መከራከር ይቻላል።

4. ከሌሎች ከተሞች የሚገኝ ትምህርት

ከሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም. አጥቢያ ሌሊት በድሬዳዋ የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ250 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። ደቻቱ በአብዛኛው ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው፤ ውሃው የመጣው ከከተማዋ በላይ ካሉት የሐረርጌ ከፍታዎች ነበር። ከዚህ አደጋ የሚገኘው ትምህርት ለግንደወይንም ይሠራል። የአንድ ከተማ የጎርፍ ስጋት የሚለካው በከተማዋ ወሰን ሳይሆን በተፋሰሷ ወሰን ነው፤ ደረቅ ሆኖ የሚታይ የውሃ መውረጃም ባዶ ቦታ አይደለም።

ቻይና እ.ኤ.አ. በ2015 እና በ2016 በ30 ከተሞች የጀመረችው «ስፖንጅ ከተማ» የሚባለው መርሐ ግብር ሌላ ትምህርት ይሰጣል። ሐሳቡ ከተማው የዝናብ ውሃን ቶሎ ከማባረር ይልቅ በሣር፣ በኩሬና ውሃ በሚያሰርግ ንጣፍ ይዞ ቀስ ብሎ እንዲለቅ ማድረግ ነው። ሆኖም በሐምሌ 2013 ዓ.ም. በዠንግዦው ከተማ በአንድ ሰዓት ውስጥ 201.9 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ፣ ለዚህ ሥራ ብዙ ገንዘብ ያፈሰሰችው ከተማ ከከባድ ጉዳት አልዳነችም። የማስቀረት ሥራ መደበኛውን የክረምት ጎርፍ ይቀንሳል፤ ለታላቁ ዝናብ ግን የውሃውን መውረጃ ከሰፈራ ነፃ ማድረግና ሰውን አስቀድሞ ማስጠንቀቅ ያስፈልጋል። አንዱ ሌላውን አይተካም።

5. በአካባቢ ደረጃ ምን ሊሠራ ይችላል?

5.1 ከከተማው በላይ፦ ተፋሰሱን ማስከበር

በአማራ ክልል ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ በየዓመቱ፣ በተለይ በጥርና በየካቲት፣ የተፋሰስ ልማት ሥራ በሕዝብ ንቅናቄ ሲካሄድ ቆይቷል። እርከን፣ ክትርና የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ለአርሶ አደሩ አዲስ ነገር አይደሉም። አዲሱ ነገር፣ ሥራው የሚካሄድባቸው ተፋሰሶች ሲመረጡ ከከተማ በላይ ያሉት ቅድሚያ እንዲያገኙ ማድረግና የከተማው ነዋሪም በጉልበት ወይም በወጪ እንዲሳተፍ ማድረግ ነው። እርከኑ ከሚቀንሰው ጎርፍ የሚጠቀመው የከተማ ሰው ሆኖ፣ የሚደክመው ገበሬ ብቻ ከሆነ ሥራው አይዘልቅም። ጥንቃቄም ያስፈልጋል፤ መቀልበሻ ቦይ ውሃውን ከከተማው አርቆ በሌላ ሰው ማሳ ላይ ከደፋው፣ ችግሩ ቦታ ቀየረ እንጂ አልተፈታም።

5.2 በከተማው ውስጥ፦ ውሃውን ከምንጩ መያዝ

80 ሜትር ካሬ የሆነ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድበት፣ ከብክነቱ 15 በመቶ ብንቀንስ ወደ 2,000 ሊትር ውሃ ያወርዳል፤ ባለ 200 ሊትር አሥር በርሜል ማለት ነው። በምሳሌያችን መንደር 200 እንዲህ ያሉ ቤቶች ቢኖሩና እያንዳንዳቸው ሁለት ሜትር ኩብ ቢይዙ፣ በጥቅሉ 400 ሜትር ኩብ ውሃ ከቦዩ ይቀራል። ቀደም ሲል የታየው ከቦዩ አቅም በላይ የሆነ ፍሰት በሰከንድ 0.46 ሜትር ኩብ ነበር፤ ይህ ለሩብ ሰዓት ቢቆይ 414 ሜትር ኩብ ይሆናል። ሁለቱ መጠኖች ተቀራራቢ መሆናቸው፣ ከጣሪያ የሚጀምር ሥራ ጌጥ ሳይሆን ቦይን እጥፍ ከማስፋት ጋር የሚወዳደር አማራጭ መሆኑን ያሳያል።

ይሁን እንጂ ሁለት የአካባቢ ሁኔታዎች መታየት አለባቸው። አንደኛ፣ በዋልካ አፈር ላይ የማስረጊያ ጉድጓድ እንደ አሸዋማ አገር አይሠራም፤ ክረምት ከገፋ በኋላ ውሃው አይሰርግም። ለመሠረት በቀረበ ቦታ ከተቆፈረም አፈሩ እየነፋ ግድግዳ ይሰነጥቃል። ስለዚህ የሚሻለው ውሃውን በአሸንዳ ወደ በርሜል ወይም ወደ ተለሰነ ገንዳ መርቶ፣ ዝናቡ ካባራ በኋላ መጠቀም ወይም ቀስ ብሎ መልቀቅ ነው። ሁለተኛ፣ አሥር በርሜል ለድሃ ቤተሰብ ቀላል ወጪ አይደለም። በመሆኑም ግዴታው መጀመር ያለበት ሰፊ ጣሪያ ካላቸው የመንግሥት ግቢዎች፣ ከትምህርት ቤቶች፣ ከጤና ተቋማትና ከትልልቅ መጋዘኖች ነው። አስተዳደሩ በራሱ ጣሪያ ላይ ያልሞከረውን በነዋሪው ላይ ማስገደድ አይገባውም።

5.3 ከከተማው በታች፦ መውጫውን መጨረስ

በዚህ ጽሑፍ እይታ ትልቁን ለውጥ የሚያመጣው ደንብ አጭር ነው፤ መውጫው ያልተወሰነና ያልተጠበቀ ቦይ አይሠራ። የማንኛውም ቦይ ወይም የኮብልስቶን መንገድ ዲዛይን፣ ውሃው የመጨረሻ ማረፊያው የት እንደሆነ፣ መሬቱ የማን ይዞታ እንደሆነና ቦረቦር እንዳይጀምር ምን እንደሚሠራ ማሳየት ይኖርበታል። በመውጫው ላይ የድንጋይ ንጣፍ ወይም ጋቢዮን፣ ከዚያ በታች በክትርና በቬቲቨር ሣር የተጠበቀ ማፋሰሻ እስከ ተፈጥሯዊው ወንዝ ድረስ ሊቀጥል ይገባል። የሥራ ተቋራጩ የመጨረሻ ክፍያም ይህ ሲጠናቀቅ ብቻ ቢፈጸም፣ ደንቡ በወረቀት አይቀርም።

5.4 ጥገናው፦ የማን ነው?

ቦይ የሚሠራው አንድ ጊዜ ቢሆንም የሚጠረገው በየዓመቱ ነው። ለአዲስ ግንባታ ገንዘብ ማግኘት ለጥገና ከማግኘት ይልቅ ስለሚቀል፣ ማዘጋጃ ቤቶች የጥገና በጀትን በተለየ ርዕስ መያዝ ይኖርባቸዋል። በሰፈር ደረጃ ዕድር የታወቀና የተከበረ ተቋም ነው። ከማዘጋጃ ቤቱ ጋር በሚደረግ ግልጽ ስምምነት፣ ዕድሩ በግንቦት የሰፈሩን ቦይ ሊያስጠርግ፣ በክረምት ደግሞ የተደፈነ ቱቦ ሲያይ ሊያስታውቅ ይችላል። ነገር ግን ዕድር የተቋቋመው ለኀዘንና ለመረዳጃ ነው፤ የመንግሥትን ሥራ በነፃ የሚሸከም ክንድ ሊደረግ አይገባም። መሣሪያ፣ የደለል ማንሻ ጋሪና የቆሻሻ ማስወገጃ ቦታ ማቅረብ የማዘጋጃ ቤቱ ድርሻ ነው። የተጠረገው ደለል በቦዩ ዳር ተከምሮ ከተተወ፣ የመጀመሪያው ዝናብ መልሶ ይከተዋል።

6. ማጠቃለያና የመፍትሔ ሐሳቦች

ከላይ ከቀረበው ትንተና የሚከተሉት አምስት ሐሳቦች ይመነጫሉ።

አንደኛ፣ የወረዳው ግብርና፣ የገጠር መሬት አስተዳደር፣ ማዘጋጃ ቤቱ፣ የመንገድ መሥሪያ ቤቱና የታችኛው ቀበሌ አርሶ አደሮች ተወካዮች የሚገኙበት የጋራ የተፋሰስ ኮሚቴ ይቋቋም። ሥራውም በቀን መቁጠሪያ ይመራ፤ በጥቅምት የክረምቱ ጉዳት ይመዝገብ፣ በጥርና በየካቲት የላይኛው ተፋሰስ ይሠራ፣ በግንቦት ቦይ ይጠረግ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ክትትል ይደረግ።

ሁለተኛ፣ የከተማው ፕላን ሲከለስ ደረቅ የሆኑትን ጨምሮ የውሃ መውረጃዎች ሁሉ ተለይተው ይካለሉ፤ በእነርሱ ላይ ቦታ አይሰጥ።

ሦስተኛ፣ መውጫው ያልተጠበቀ ቦይ ርክክብ አይፈጸምበት።

አራተኛ፣ ከጣሪያ የሚወርድ ውሃን የመያዝ ግዴታ ከመንግሥት ግቢዎች ይጀምር።

አምስተኛ፣ ከከተማ ቱቦ በታች የሚቦረቦር ማሳ በየዓመቱ እየተለካ ይመዝገብ፤ ጉዳቱ በካሳ፣ በምትክ ወይም በጥገና የሚታይበት አሠራር ይዘርጋ። ይህ ምዝገባ ለተመራማሪዎችም ያገለግላል። የቦረቦሩን አፍ በችካል ምልክት አድርጎ በየመስከረሙ መለካት ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ፣ ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚበቃ ሥራ ነው።

ነገር ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ ግንደወይንን የመሰሉ ከተሞች ዕድላቸው ገና ትንሽ መሆናቸው ነው። ትልልቆቹ ከተሞች ዛሬ ቤት አፍርሰው የሚያስለቅቁትን የውሃ መንገድ፣ እነርሱ ከወዲሁ በፕላን ሊያስቀሩት ይችላሉ። ለዚህም የሚቀጥለው የቦይ ዲዛይን በጠረጴዛ ላይ ሲዘረጋ፣ ውሃው የሚያርፍበት ማሳ ባለቤት በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ መገኘት አለበት።